ስልኩ ያነበበው መርዶ

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ ጸሐፊ አይደለሁም፤ ቢሮ የማጸዳ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ እሱንም ገና አንድ አንድ እየለቀምኩ ነው የማነበው። አማርኛዬም የጅማ አማርኛ ነው፤ ቤታችን ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው። አስተማሪያችን "የምታውቁትን አንድ ሰው ጻፉ፣ በትምህርት ቤቱ መጽሔት ይወጣል" ባትለን ኖሮ እኔ ብዕር አላነሳም ነበር። ደፋር ናት እንዳትሉኝ።

የምጽፈው ስለ ጋሽ ለይኩን ነው። ፈቃድ ጠይቄያቸዋለሁ።

"ጻፊ" አሉኝ። "ግን አደራ በደንብ ጻፊ። ስልኬ የሚያነብልኝ አንቺ ያስቀመጥሽውን ነው። አንቺ ከተንተባተብሽ እሱም ይንተባተባል።"

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ነገር በኋላ ብዙም አይስቁም።

ጋሽ ለይኩን ዓይነ ስውር ናቸው። ዓይናቸው የጠፋው በልጅነታቸው በኩፍኝ ነው። የተወለዱት ሊሙ ገነት ነው። እናታቸው ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገቻቸው ታላቅ እህታቸው ውብነሽ ነች፤ እሳቸው እትዬ ይሏታል። ቡና ለቀማ ስትሄድ በነጠላዋ ጫፍ ከወገቧ ጋር አስራ ትወስዳቸው ነበር። የታችኛውን ቅርንጫፍ ለሳቸው ትሰጣቸዋለች። እሳቸው በዳበሳ ጥሬውንም የበሰለውንም ይለቅሙታል፤ እሷ ደግሞ ካቦው፣ የለቃሚዎቹ አለቃ፣ ሳያይ ጥሬውን እያወጣች ጉድጓድ ውስጥ ትቀብረዋለች። "ጎበዝ ለቃሚ ነኝ እያልኩ ነው ያደግኩት" ብለውኛል። እውነቱን የነገረቻቸው ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው። የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያስገባቻቸውም እሷ ናት።

ከትምህርት በኋላ እኛ ቢሮ ስልክ ኦፕሬተር ሆነው ተቀጠሩ። እኔ ስቀጠር የስልክ ማዞሪያው ገና ይሠራ ነበር። ከውጭ ሰው ሲደውል እሳቸው ያነሳሉ፤ "ማንን ላገናኝዎት?" ይላሉ። የሁሉንም ቢሮ በጣታቸው ያውቁታል። ደዋዩንም በትንፋሹ ነው የሚለዩት። በኋላ ሁሉም ሰው ሞባይል ያዘ፤ ማዞሪያው ዝም አለ። አንድ ቀን ስወለውል በጨርቅ ተሸፍኖ አየሁት። ጋሽ ለይኩንን አላባረሯቸውም፤ በር አጠገብ ጠረጴዛ ሰጧቸውና "መረጃ" የሚል ተለጠፈበት። ሰው ግን እሳቸውን አይጠይቅም። እሳቸውን አልፎ ሄዶ ጥበቃውን ይጠይቃል።

የራሳቸው ስልክ በፊት ቁልፍ ያለው ነበር። ቁልፉን በጣት ያገኙታል፤ ማንም ሰው አያስቸግሩም። እሱ ሲበላሽ የእትዬ ውብነሽ ልጅ ጥላሁን አዲስ ገዝቶ ላከላቸው፤ ያንን ለስላሳውን። ጋሽ ለይኩን ከፊትም ከኋላም ዳበሱት።

"ይሄ ምንድን ነው? መስታወት ነው እንዴ የላከልኝ?" አሉ።

ከዚያ ጀምሮ የሚደውሉትም የሚያነቡትም በኔ ሆነ። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ በቾ ቦሬ ሰፈር፣ እማማ መንበረ ግቢ ተከራይተን። ቤት ስሆን ቤት፣ ቢሮ ስሆን ቢሮ አነብላቸዋለሁ። እኔ ደግሞ አነባበቤን ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ከክሊኒክ የመጣ መልእክት ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው። ቀስ እያልኩ፣ ፊደል በፊደል፣ የሽንት ምርመራቸውን። ባለጉዳዮቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ። እኔ አንብቤ እስክጨርስ እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ነበር። የማያዩበትን መነጽር።

ከዚያ አቶ ገበየሁ የሚባሉ መምህር መጡ፤ እሳቸውም ዓይነ ስውር ናቸው፣ የማኅበራቸው ሰው። ስልኩን ተቀብለው አንድ ነገር ውስጡ ገብተው ነካኩ። ስልኩ ተናገረ።

"ከየት አመጣኸው?" አሉ ጋሽ ለይኩን።

"ከየትም አላመጣሁት። እዚሁ ስልክህ ውስጥ ነበር። የሚያበራልህ አጣህ እንጂ።"

ጋሽ ለይኩን ስልኩን መልሰው ዳበሱት። "ይሄን ሁሉ ጊዜ?" ብቻ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያስኬዳሉ፤ ጣታቸው ያረፈበትን ስልኩ ይነግራቸዋል። ሁለት ጊዜ ጠቅ ሲያደርጉ ይከፈታል። መስታወቱን ጨለማ ያደርጉታል፤ ለሳቸው መብራቱ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ መጀመሪያ የሞተ መስሎኝ "ጋሼ ባትሪዎ አልቋል" እላቸው ነበር። ንግግሩ ደግሞ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ነው የሚመስለው፣ ትክ ትክ ትክ። አማርኛውም የፈረንጅ ነው። ሰው በእንግሊዝ ፊደል አማርኛ ሲጽፍላቸው ጭራሽ ይቀባጥራል። ጥበቃው ዋቅጋሪ ስም አወጣለት፤ ፈረንጁ።

"ጋሼ፣ ፈረንጂን ኬሰን ሀርአ ማል ጄዴ?" ይላቸዋል ጠዋት ጠዋት። ፈረንጅዎ ዛሬ ምን አለ ማለቱ ነው።

"ጥበቃው ተኝቷል አለ።"

"እሱ በየት በኩል አየኝ?"

"አላየህም፤ ስታንኮራፋ ሰማህ።"

እንዲህ ነበር የሚጫወቱት። እኔም ከዚያ ወዲህ አላነበብኩላቸውም። ትንሽ ከፍቶኝ ነበር መሰለኝ። ግን ክሊኒኩን ሳስታውስ ጥሩ ሆነ እላለሁ።

አሁን የግሩፑን ነገር ልጻፍ፤ እሱ ካልተጻፈ ሌላው አይገባም።

ቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላቸው። እትዬ ውብነሽ ገና ሲከፈት ሕግ አወጣች። "ለይኩን ባለበት ቤት በአፍ ነው የሚወራው፤ የሚጽፍ ሰው ይወጣል" አለች። ስለዚህ ሁሉም በድምፅ ነው የሚልኩት። እሷም በየቀኑ ትልካለች። ዝናቡ መጣ፣ ያሰጣሁትን ቡና አነሳሁ፣ ዶሮዋ ጫጩት ፈለፈለች፣ እንዲህ እንዲህ ነገር። ጋሽ ለይኩን ጠረጴዛቸው ጋ ሆነው ይሰሟታል፤ እኔም ስወለውል እሰማለሁ። ሳላያት ለመድኳት።

ስልኩ ጽሑፍ ማንበብ እንደጀመረ ጋሽ ለይኩን ለእትዬ ውብነሽ ብቻ ነገሯት። ሌሎቹን ለመስቀል ሊሙ ሲሄዱ፣ ሰው በተሰበሰበበት አንብበው ሊያስደንቁ ፈልገው ነበር። እሷም "አፌን ይዣለሁ" አለቻቸው። ያዘችም።

ዝናብ ነበር ያን ቀን። ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ የለም። እኔ በሩ ጋ ጭቃውን እወለውላለሁ። የጋሽ ለይኩን የጆሮ ማዳመጫ አንዱ ወገን ተበላሽቶ ስለነበር ስልኩ በውጭ ነው የሚያወራው። ግሩፑ ጮኸ። ከፈቱት። ድምፅ አልነበረም። ጽሑፍ ነው።

ስልኩ አነበበው። የጻፈውን ሰው ስም አስቀድሞ እንዲህ አለ፤

"ጥላሁን። እማዬ ዛሬ ጠዋት አርፋለች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። አጎቴ ለይኩን እንዳይሰማ ድምፅ እንዳትልኩ፣ በጽሑፍ ብቻ። እሱን ከቀብር በኋላ ሄደን እናረዳዋለን። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መጥቶም አያያት።"

ከዚያ ሌላ ሰው ጻፈ። ስልኩ አነበበ። "የሚያለቅስ ፊት። የሚያለቅስ ፊት። የሚያለቅስ ፊት።" ሰዎች የሚልኳትን ያችን ትንሽ ሥዕል እንደዚያ ነው የሚጠራት። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፍጥነት። ቀጥሎ ደግሞ "ባትሪ ሃያ በመቶ" አለ።

መወልወያውን ይዤ ቆምኩ። ያ ረቢ ማለት ፈልጌ አልወጣልኝም። ጋሽ ለይኩን ጣታቸውን ወደ ላይ መለሱና መልእክቱን እንደገና አስነበቡት። ያው ነው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት።

"ፈድሊያ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

"እሺ።"

ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ። አላለቀሱም። እጃቸው ጠረጴዛውን ይዞ ቀረ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ባልዲዬ ውስጥ ያለው ውኃ ቀዘቀዘ፤ ለምን እሱን እንዳስታወስኩ አላውቅም።

ብዙ ቆይተው "ቀብሩ ላይ መድረስ አለብኝ" አሉ። "አፈር ሳልጥልባት አትሄድም። ግን ማንም አልነገረኝም።"

"ስልኩ ነገረዎት እኮ ጋሼ።"

"ስልክ ሰው ነው? የባትሪውን ነገር በተናገረበት አፍ ነው የነገረኝ። ሰው ሳያረዳኝ እንዴት ብዬ አለቅሳለሁ? እንዴት ብዬ ተነስቼ እሄዳለሁ? ማን ነገረህ ሲሉኝ፣ ዕቃው ልበል?" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና "አንቺ ንገሪኝ" አሉኝ። "ጠዋት፣ እንደ ሰው ወግ። ከዚያ እሄዳለሁ።"

እኛ ሙስሊሞች ቶሎ ነው የምንቀብረው፣ ቶሎም ነው የምንናገረው። የክርስቲያኖቹን ግን ግቢያችን ውስጥ አይቻለሁ። ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል። እኔ ትልቅ ሰው አይደለሁም። ሰው ፊት ስናገር ምላሴ ይታሰራል። "እሺ" አልኩ ግን። ሌላ ምን እላለሁ?

ማታ ወደ እማማ መንበረ ገባሁ። ሽንኩርት ይልጣሉ። ስነግራቸው ቢላዋው እጃቸው ላይ ቆመ።

"ማን ነገረው? ጥላሁን ደውሎ ከነገ ወዲያ ጎረቤት ሰብስቢ ብሎኛል፤ እኔ ለማንም አልተነፈስኩም!"

"ስልኩ ነው እማማ።"

"ስልክ ደግሞ መርዶ ያረዳል? ምን ዘመን ላይ ደረስን!"

"ነገ ጠዋት ንገሪኝ ብለውኛል። እኔ ወጉን አላውቅም። እርስዎ ይንገሯቸው።"

"የሐዘኑ ባለቤቶች ሳይመጡ? አላደርገውም ልጄ። ነውር ነው። ነገ እኔን ነው የሚወቅሱኝ።"

"ካልተነገራቸው አይሄዱም። ካልሄዱ ቀብሩ ያልፋቸዋል።"

እማማ መንበረ ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠሉ። ዓይናቸው ይፈስ ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላወቅኩም።

ከዚያ ወጥቼ በጋሽ ለይኩን በር ሳልፍ ስልካቸው ጠራ። ጥላሁን ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ እሳቸውም እግሬን ሰምተው በእጃቸው ጠሩኝና ቆምኩ። የጥላሁን ድምፅ ጎላ ብሎ ይሰማል፤ ሠርግ ቤት ያለ ሰው ይመስላል።

"አጎቴ! እንዴት ነህ? እንዴት ነው ዝናቡ?"

"ደህና ነኝ። ይዘንባል።"

"ከነገ ወዲያ ጅማ ጉዳይ አለኝ፤ ጠዋት ብቅ እላለሁ። ቤት ጠብቀኝ እሺ?"

"እሺ። ውብነሽስ?"



"ደህና ናት። ተኝታ ነው።"

"ተዉ አትቀስቅሷት" አሉ ጋሽ ለይኩን። "ትተኛ።"

ዘጉት። እኔን "ጫማዬን ቀለም ቀቢልኝ፤ የቱ ጋ እንደቆሸሸ አላውቅም" አሉኝ። ቀባሁላቸው። ወደ ቤቴ ገባሁ። ባሌ "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ "ምንም" አልኩት። እውነትም ምንም ነበር የሚሰማኝ። ሰውነቴ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ጎህ ሲቀድ ሰግጄ ወጣሁ። እማማ መንበረ ግቢው መሐል ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።

"ነውር መሆኑን አውቃለሁ" አሉ። "ነይ እንግባ።"

ጋሽ ለይኩን ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸውን አድርገዋል። ሁለት ወንበር አውጥተዋል፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው። ስልኩ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ዝም ብሏል።

"አካም ቡልተን" አልኩ፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀመጡ።"

ተቀመጥን። እማማ መንበረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ ለይኩን... እንግዲህ ሰው ነንና... ሁላችንም..." አሉና አቋረጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አለቀሱ። ጠበቅኳቸው። አልቻሉም። ጋሽ ለይኩን ፊታቸውን ወደኔ አዞሩ። ውጭ መኪና ሲያልፍ ሰማሁ፤ የሊሙም መኪና እንደዚያው ሊሄድ ነው አልኩ በልቤ።

ተነሳሁ። ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ክፍል ውስጥ ስንጠየቅ ተነስተን ስለምንመልስ መሰለኝ። ወጉን አላወቅኩበትም። ያልኩት ይሄን ነው፤

"ጋሼ፣ እህትዎ ውብነሽ ትናንት ጠዋት ሞተች። ቀብሯ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። የሊሙ መኪና አሁን ይወጣል።"

እማማ መንበረ እንደማልቀስም እንደመደንገጥም ሆኑ። እንደዚህ አይባልም ነበር ለካ፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። ጋሽ ለይኩን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ሰማሁ" አሉ። "ፈድሊያ ነገረችኝ።"

እጃቸውን አንስተው ጉንጫቸውን ነኩ፣ ግራውንም ቀኙንም። ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አሻሹ።

"ፊቴ ምን ይመስላል?"

"ዝም ያለ ነው ጋሼ።"

"እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ደረቅ ነው።" ነጭ በትራቸውን ፈልገው ያዙ። "በሉ፣ መኪናው ሳያመልጠኝ።"

በባጃጅ መናኸሪያ ወሰድኳቸው። እማማ መንበረ የሚያደርጉት ቢያጡ ዳቦ በፌስታል ቋጥረው ሰጧቸው። የሊሙ መኪና ገና እየሞላ ነበር። ረዳቱ "ሊሙ! ሊሙ!" ይላል። ሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆምኩ። ስልካቸውን አወጡና ግሩፑን ከፈቱ። ከዚያ ቀን በፊት እዚያ ግሩፕ ላይ ጽፈው አያውቁም። አንድ ጣታቸው ትሄዳለች፤ ስልኩ ፊደሉን በሹክሹክታ ይላቸዋል፤ ሲደርሱበት ይለቁታል። ከኔም ይዘገያሉ። ሲጨርሱ አስነበቡት፤

"ሰምቻለሁ። ሰው ነግሮኛል። የሊሙ መኪና ላይ ነኝ። ሳልደርስ እንዳታወጧት።"

ላኩት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልመጣም። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ግሩፑ ጮኸ። ጽሑፍ አይደለም፤ ድምፅ ነው። ከፈቱት። ጥላሁን ነበር። መጀመሪያ ትንፋሹ ብቻ ተሰማ፤ ከኋላው የለቅሶ ቤት ጩኸት አለ።

"አጎቴ፣ ና" አለ። "እንጠብቅሃለን። ቄሱንም እነግራለሁ፤ አትወጣም። ና በቃ።"

ጋሽ ለይኩን መልሰው አላዳመጡትም። ስልኩን ወደ ኪሳቸው ከተቱ። በትራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቆሙ።

"ሂጂ፣ ሥራ ይረፍድብሻል" አሉኝ።

መኪናው ወጣ። እኔም ወደ ቢሮ ሄድኩ። በሩን ከፈትኩ፣ ባልዲዬን ሞላሁ፣ የጋሽ ለይኩንን ጠረጴዛ ወለወልኩ። ዋቅጋሪ ካፖርቱን እያራገፈ ገባ።

"ፈረንጁ ዛሬ የለም እንዴ?" አለኝ።

"ሊሙ ሄደ" አልኩት። "ባለቤቱን ይዞ ቀብር ሄደ።"

ዋቅጋሪ ቆቡን አወለቀ። እኔ ወለሉን ጀመርኩ።